ተንቀሳቃሽ ዒላማን በዓይን ስለ መያዝ

በስፖርት ሜዳ ከመምህር አፍ ደጋግሞ የሚወጣ ትእዛዝ ቢኖር «ኳሱን እይ!» የሚለው ነው። ኳሱ ያመለጠው ተማሪም አብዛኛውን ጊዜ «አይቻለሁ እኮ፣ ጋሼ!» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም አልዋሹም። ተማሪው ኳሱን አይቷል፤ ዓይኑ ግን ኳሱን አልያዘም። በማየትና በዓይን በመያዝ መካከል ያለውን ልዩነት ለተማሪ ማስረዳት የሚቻለው አስቀድሞ መምህሩ ራሱ የተረዳው እንደ ሆነ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ትእዛዙን ለብዙ ዓመታት ሲጮኽ ኖሮ ትርጉሙን የተረዳው ዘግይቶ፣ ያውም ፈጽሞ ተጫውቶት ከማያውቀው ስፖርት ነው።

ስፖርቱ የሸክላ ርግብ ተኩስ ይባላል። በእንግሊዝ፣ በኢጣሊያ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች የተስፋፋ፣ በኦሊምፒክም የሚወዳደሩበት ነው። በእኛ ትምህርት ቤቶች ይለመድ ለማለት አይደለም፤ ጠመንጃ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ እንዲገባ የሚፈልግ መምህር ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ዓይን በሩጫ ላይ ያለን ነገር እንዴት እንደሚይዝና እንዴት እንደሚስት ይህን ያህል ጎልቶ የሚታይበት ሌላ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ለስፖርት፣ ለፊዚክስና ለባዮሎጂ መምህራን በአንድነት የሚሆን ትምህርት አለው።

ስሙ የመጣው ከታሪኩ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝና በአሜሪካ ተኳሾች ሕያው ርግቦችን ከሣጥን እያስለቀቁ በአየር ላይ ይመቱ ነበር። ከዚያም ወደ ላይ የሚወረወሩ የብርጭቆ ኳሶች መጡ። እ.ኤ.አ. በ1880 የአሜሪካው የሲንሲናቲ ከተማ ሰው ጆርጅ ሊጎውስኪ ከሸክላ የተሠራ ዝርግ ዒላማ ፈጥሮ የፈጠራ መብት አገኘበት። እንግሊዝም በ1921 ተይዘው የሚለቀቁ ወፎችን መተኮስ በሕግ ከለከለች። የዛሬው ዒላማ እንኳ ሸክላ አይደለም፤ ከዝፍትና ከተፈጨ የኖራ ድንጋይ የሚሠራ፣ ወርዱ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 105 ግራም የሆነ፣ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ሰሐን ነው። ርግብነቱ በስም ብቻ ቀርቷል።

በኦሊምፒክ ሁለት ዓይነት ውድድር አለ። ትራፕ በሚባለው፣ ሰሐኑን የሚወረውረው መሣሪያ ከተኳሹ 15 ሜትር ፊት ለፊት በጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። ተኳሹ ድምፅ ሲያሰማ ሰሐኑ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ፍጥነት ተፈትልኮ ይወጣል፤ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ አስቀድሞ አይታወቅም። ስኪት በሚባለውና እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ በተጨመረው ደግሞ ሰሐኖቹ በግራና በቀኝ ካሉ ሁለት ቤቶች ተወርውረው በተኳሹ ፊት ይተላለፋሉ፤ ተኳሹም ዒላማው እስኪታይ ድረስ የጠመንጃውን ሰደፍ ከወገቡ አጠገብ ይዞ መቆየት አለበት። ጠመንጃው አንድ ነጠላ ጥይት የሚወረውር ሳይሆን ከማሽላ ፍሬ ያነሱ የእርሳስ ቅንጣቶችን የሚበትን ነው። ሰሐኑ ከወጣ አንሥቶ ተኩሱ እስኪሰማ ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ያንሳል።

እዚህ ላይ ለክፍል የሚሆን ስሌት እንሥራ። ሰሐኑ 35 ሜትር ርቆ ከግራ ወደ ቀኝ በሴኮንድ 20 ሜትር ይበራል እንበል። የእርሳሱ ቅንጣት በመንገዱ ላይ ፍጥነቱ እየቀነሰ ቢሄድም በአማካይ በሴኮንድ 330 ሜትር ይጓዛል ብንል፣ 35 ሜትሩን ለመጨረስ 0.106 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ሰሐኑ ከ2 ሜትር በላይ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ሰሐኑ ላይ አነጣጥሮ የተኮሰ ሰው ከሰሐኑ ኋላ ያለውን ባዶ አየር ይመታል ማለት ነው። መቅደም ያስፈልጋል።

እንግዲህ ተኳሹ ወዴት ነው ማየት ያለበት? ጀማሪ ሁሉ ሁለት ሜትር ቀድሞ ያለውን ባዶ ቦታ ለማየት ይሞክራል፤ ወይም በአፈሙዙና በሰሐኑ መካከል ያለውን ርቀት ለመለካት ዓይኑን ያመላልሳል። የአሠልጣኞቹ መልስ ግን ዓይን ሰሐኑ ላይ፣ ከተቻለም በሰሐኑ የፊት ጠርዝ ላይ ይረፍ የሚል ነው። ይህ መጀመሪያ ሲሰሙት እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ነገር ግን አእምሮ የሰሐኑን ፍጥነትና አቅጣጫ የሚያውቀው ከሰሐኑ እንጂ ከባዶ አየር አይደለም። ባዶ አየር የሚናገረው ነገር የለውም። እጅን የሚያስቀድመው የተለማመደ አእምሮ ነው፤ የዓይን ሥራ ለአእምሮ ትክክለኛ ወሬ ሳያቋርጡ ማቀበል ብቻ ነው። በማሽላ ማሳ ማማ ላይ ቆሞ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ሲያዞር ዓይኑ ወፏ ላይ ነው እንጂ እጁ ላይ አይደለም። ስንት ክንድ እንደሚያስቀድም ቢጠይቁት አያውቅም፤ ድንጋዩ ግን ይደርሳል።

አሁን ወደ ዓይን አሠራር እንለፍ። በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ የተነጠፈው ሬቲና በየቦታው እኩል አያይም። በመካከሉ ፎቪያ የምትባል፣ ወርዷ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች ትንሽ ስርጉድ አለች። ጥርት ያለ ምስል የሚገኘው በእርሷ መካከል ብቻ ነው። ክንድን ዘርግቶ አውራ ጣትን ሲያዩ የጥፍሩ ወርድ ሁለት ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ በአንድ ጊዜ ጥርት አድርገን የምናየው ዓለም ከዚህ ብዙም አይበልጥም። የቀረው ሁሉ ደብዛዛ ነው። ደብዛዛነቱ የማይታወቀን ዓይናችን ያለ ዕረፍት ስለሚዘዋወር ነው። ሆኖም ዳር ዳሩ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ የሚንቀሳቀስን ነገር ቶሎ በመንቃት ረገድ ደኅና አገልጋይ ነው። ለመንቃት ዳሩ፣ ለመያዝ መካከሉ ተብሎ ሥራ ተከፋፍሏል ማለት ይቻላል።

ከላይ ያልነው ሰሐን በ35 ሜትር ላይ ምን ያህል ይታያል? 0.11 ሜትርን ለ35 ብናካፍል 0.00314 ራዲያን፣ ማለት 0.18 ዲግሪ እናገኛለን። ዲግሪን በ60 ደቂቃ ስንከፍል 11 ደቂቃ ይሆናል። ሙሉ ጨረቃ 30 ደቂቃ ያህል ስለሆነች ሰሐኑ የጨረቃን ወርድ ሲሶ ጥቂት አልፎ ይታያል ማለት ነው። ትንሽ ነው፤ ፎቪያዋ ላይ ካላረፈም ጭላንጭል ሆኖ ያልፋል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። በአፈሙዙ ጫፍ ላይ ትንሽ ዶቃ የመሰለች ምልክት አለች፤ ከተኳሹ ዓይን የአንድ ሜትር ያህል ርቀት አላት። የዓይን ሌንስ በአንድ ጊዜ በአንድ ርቀት ላይ ብቻ ነው የሚስተካከለው። ለ1 ሜትር የሚያስፈልገው የሌንስ ጉልበት 1 ዲዮፕተር ሲሆን ለ35 ሜትር ግን 0.03 ብቻ ነው፤ ልዩነቱ 0.97 ነው። በብርሃን ቀን የዓይን ብሌን ቀዳዳ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ዶቃዋን የሚያይ ዓይን በሩቁ ነገር ላይ የሚፈጥረው ብዥታ 0.003 ሜትር ሲባዛ በ0.97፣ ማለት 0.0029 ራዲያን ይሆናል። ይህም 10 ደቂቃ ነው። የሰሐኑ ወርድ 11 ደቂቃ፣ ብዥታው 10 ደቂቃ! ተኳሹ ዶቃዋን አጥርቶ ባየበት ቅጽበት የሰሐኑ ጠርዝ ይሟሟል። ይህን ያለ ጠመንጃ በክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። ተማሪው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አውራ ጣቱን ዘርግቶ፣ በመስኮት በኩል ከሚታይ የሩቅ ዛፍ ጋር ያስተካክል። ጣቱን ሲያጠራ ዛፉ ይደበዝዛል፤ ዛፉን ሲያጠራ ጣቱ ይደበዝዛል። ሁለቱን በአንድነት ላጥራ ብሎ የሚታገል ተማሪ በየክፍሉ አንድ አይጠፋም፤ ይታገል።

ዓይንን ማመላለስም ሌላ ዕዳ አለው። ዓይን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር የሚሄደው በዝላይ ነው፤ ዝላዩን ለመጀመር ብቻ ከሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈልጋል። በዝላዩ ጊዜ ደግሞ አእምሮ ምስሉን ስለሚያፍን በጥራት አናይም። በመስተዋት ፊት ቆሞ የራስን ግራና ቀኝ ዓይን እያፈራረቁ ቢመለከቱ ዓይን ሲንቀሳቀስ ማየት አይቻልም፤ አጠገብ የቆመ ሰው ግን በግልጽ ያየዋል። ወደ ስሌታችን ስንመለስ፣ በአንድ አምስተኛ ሴኮንድ ሰሐኑ 4 ሜትር ሄዷል። ዓይኑን ወደ አፈሙዙ የመለሰ ተኳሽ ሰሐኑን ትቶ መጥቷልና እጁም ይዘገያል፤ ጠመንጃው ይቆማል፤ ተኩሱም ከሰሐኑ ኋላ ያልፋል። ኳስ ሊይዝ ሲል እጆቹን ቁልቁል የሚያይ ተማሪ የሚደርስበት ይኸው ነው።

ሁለተኛው የዓይን አካሄድ መከተል ነው። ዓይን የሚንቀሳቀስን ነገር ያለ ዝላይ፣ ለስለስ ብሎ ሊከተል ይችላል። ነገር ግን የሚከተለው ነገር ያስፈልገዋል። ሁለት ተማሪዎችን ፊት ለፊት አስቀምጡ፤ አንደኛው ዓይኑን በባዶ ግድግዳ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ እንዲያንሸራትት እዘዙት። ጓደኛው የሚያየው እየተቆራረጠ የሚዘል ዓይን ነው። ቀጥሎ የእርሳስ ጫፍ በዝግታ አሳልፉለት፤ ዓይኑ ዘይት እንደ ተቀባ ይንሸራተታል። ባዶውን ቦታ እንጂ ሰሐኑን የማያይ ተኳሽ ለምን እንደሚንገዳገድ ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ነገር የለም።

መከተልም ወሰን አለው። የኛው ሰሐን በ35 ሜትር ላይ በሴኮንድ 33 ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ ይህን ዓይን ሊከተለው ይችላል። ያው ሰሐን በ10 ሜትር ርቀት ቢያልፍ ግን 115 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ይህ ከዓይን አቅም በላይ ነው። ስለዚህ ተኳሾች ሰሐኑ ከሚወጣበት አፍ ላይ ዓይናቸውን አይተክሉም። እዚያ ቢተክሉ የሚያዩት ጭረት ነው፤ እርሱን አሳድዶ ለመያዝ ዓይን መዝለል ይኖርበታል። ሰሐኑ ጭረት መሆኑ አብቅቶ ሰሐን ሆኖ የሚታይበትን ቦታ አስቀድመው መርጠው በዚያ አካባቢ በለዘብታ፣ ሰፋ አድርገው ይመለከታሉ። አፈሙዙን ከዓይናቸው መስመር ራቅ አድርገው፣ ሰሐኑ ወደሚሄድበት ወገን ይይዛሉ። የሰሐኑን መምጣት ዳሩ ይነቃል፤ መካከሉ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጠመንጃው የሚነሣው። ችኩሎቹ ድምፃቸውን ከማሰማታቸው ጠመንጃውን ይነቀንቃሉ፤ ሰሐኑን የሚያገኙት ካለፋቸው በኋላ ነው።

አንድ ረቂቅ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ጥርት ያለ ባዶ ሰማይ የሚያይ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ስለሚያጣ በሩቅ ላይ አይቆይም፤ ሌንሱ ራሱን ወደ ቅርብ ርቀት ይመልሳል። አብራሪዎች ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል። ስለዚህ ብልህ ተኳሽ ከጥሪው በፊት በሩቅ ያለ ዛፍ ወይም የመሬት ጠርዝ አይቶ ዓይኑን በዚያ ርቀት ያስተካክላል። የግብ ጠባቂ ተማሪዎቼ ከቅጣት ምት በፊት የእግራቸውን ጫማ ሲያዩ ይህ ትዝ ይለኛል።

ይህ ሁሉ የአሠልጣኞች ልምድ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ቪከርስ በ1990ዎቹ ዓመታት የተጫዋቾችን ዓይን አካሄድ በመሣሪያ እየቀረጹ አጥንተዋል። በቅርጫት ኳስ የቅጣት ውርወራ ላይ የተካኑት ተጫዋቾች ከመወርወራቸው በፊት ዓይናቸውን በቀለበቱ ላይ ከሌሎቹ ቀድመውና ረዘም አድርገው እንደሚያሳርፉ አገኙ፤ «ጸጥተኛ ዓይን» የሚል ስምም ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ጆ ኮዘርና የሥራ ባልደረቦቹ የሸክላ ርግብ ተኳሾችን መርምረው ተመሳሳይ ውጤት አሳተሙ። ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሱት ሰሐኑን በዓይናቸው ቀድመው ይይዛሉ፤ ይዘውም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ፤ ጠመንጃቸውን የሚያንቀሳቅሱትም ከሌሎቹ በዝግታ ነው። ፈጣን የሚሆነው ዓይን ነው እንጂ እጅ አይደለም። በቀጣዩ ዓመት በወጣው ጥናታቸውም ይህ የዓይን ልማድ በሥልጠና ሊሻሻል እንደሚችል፣ ውጤትንም ከፍ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አለመሆኑ ለመምህር ትልቅ ነገር ነው።

ዕድሜም እንደሚታሰበው ያህል አያግድም። የኩዌቱ አብዱላህ አል ራሺዲ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በስኪት የነሐስ ሜዳይ ሲያገኝ የ57 ዓመት ሰው ነበር። በዚያ ዕድሜ ጋዜጣ ለማንበብ መነጽር የሚፈልግ ሰው ይበዛል፤ ምክንያቱም ሌንስ ሲያረጅ የሚያጣው የቅርቡን የማጥራት ችሎታ ነው። ሰሐኑ ግን ሩቅ ነው።

ስለ ዋነኛ ዓይንም ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ እጃችን እንደሚቀና ሁሉ አእምሮ ለአቅጣጫ የሚያምነው አንዱን ዓይን ነው፤ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ቀኙን። ለማወቅ ሁለቱን እጆች ዘርግቶ በጣቶቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ መሥራት፣ በቀዳዳው ውስጥ ሩቅ ነገር በሁለት ዓይን ማየት፣ ከዚያም ግራ ዓይንን መጨፈን ነው። ነገሩ ከቀዳዳው ካልወጣ ዋነኛው ቀኝ ነው። ጠመንጃውን በቀኝ ትከሻው እየያዘ ዋነኛ ዓይኑ ግራ የሆነ ሰው አፈሙዙን ከሰሐኑ ጋር የሚያገጣጥመው በግራ ዓይኑ ነው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለችው ስድስት ሴንቲ ሜትር በ35 ሜትር ላይ 2 ሜትር ያህል ሆና ተኩሱን ወደ ግራ ታስታለች። እንዲህ ያለው ሰው ወይ ወደ ግራ ትከሻው ይዛወራል፤ ወይ በመነጽሩ ግራ መስተዋት ላይ ብርሃን የማይጠራበት ትንሽ ልጣፊ ያደርጋል።

ከዚህ ሁሉ ለስፖርት ክፍለ ጊዜያችን የሚተርፈው ምንድር ነው? እኔ «ኳሱን እይ!» ማለትን ትቻለሁ። በእጅ ኳሱ ላይ በአራት ወገን የተለያዩ ፊደላት በትልቁ እጽፍና ኳሱን ስወረውር ተማሪው ከመያዙ በፊት ያየውን ፊደል ጮክ ብሎ እንዲናገር አደርጋለሁ። መጀመሪያ በዝግታ፣ ሳይሽከረከር፤ በኋላ እየፈጠነ። ፊደሉን ለማንበብ የሚሞክር ተማሪ ሳያውቀው ፎቪያውን ኳሱ ላይ ያሳርፋል፤ እጁን ለማየት ጊዜ የለውም። በመንደር የገና ጨዋታ የለመዱ ልጆች ይህን ፈጥነው ይይዛሉ፤ ሩሯን ሲከተሉ ያደገ ዓይን ነውና። ፊደሉን የማይናገር ተማሪ ካለ ግን ቶሎ አይፈረድበት።

ይህን የምለው ስለ ፈረድሁ ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ የሚወረወርለትን ኳስ ሁልጊዜ እጁን አዘግይቶ ይስት ነበር። ሰነፍ ነው፣ ልቡ ሌላ ጋ ነው ብዬ ከቡድኑ አወጣሁት፤ በክፍል ጓደኞቹም ፊት ተናገርሁት። በዓመቱ ማብቂያ የባዮሎጂ መምህሩ ስለ ዓይን ሲያስተምር ተማሪዎቹን በየተራ ሰንጠረዥ ያስነብባል። ልጁ በሁለቱም ዓይኖቹ ከላይ ካለው መስመር አላለፈም። ኳሱ ለእርሱ ከሦስት ሜትር ወዲያ የጭጋግ ቁራጭ ነበረች። የጥቁር ሰሌዳውንም ጽሑፍ ዓመቱን ሙሉ ከጓደኛው ደብተር ሲገለብጥ ነው የኖረው።

ሰንጠረዡን መሥራት ገንዘብ አይጠይቅም። በነጭ ወረቀት ላይ ባለ ሦስት ጥርስ መንሽ የሚመስል ምልክት በጥቁር ቀለም ይሣላል፤ ቁመቱም ወርዱም 17.5 ሚሊ ሜትር፣ የእያንዳንዱ ጥርስ ውፍረትና በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት 3.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ተማሪው በ6 ሜትር ርቀት ቆሞ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍናል፤ ዓይኑን እንዳይጫነው። ወረቀቱን እያዞራችሁ ጥርሶቹ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መሆናቸውን በእጁ እንዲያሳይ ጠይቁት፤ ከዚያም በሌላው ዓይን ድገሙት። በዚህ ልክ የተሣለ ምልክት በ6 ሜትር ላይ 10 ደቂቃ ይሸፍናል፤ ከላይ ከቈጠርነው ሰሐን ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው። በአንዱም ዓይን ቢሆን ደጋግሞ የሚሳሳት ተማሪ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ዓይን ሐኪም መላክ አለበት፤ እስከዚያው ድረስ መቀመጫው ወደ ፊት ይምጣ። ፈተናው በቀን ብርሃን ይደረግ፤ ወረቀቱ ላይ ጥላ እንዳያርፍ፣ ፀሐይም በተማሪው ፊት እንዳትሆን ይጠንቀቁ። አርባ ተማሪ ላለበት ክፍል አንድ ክፍለ ጊዜ ባይበቃ ሁለት ይበቃል።